የዶሮ ላባ ቀለም፦ ዕውቀቱ ይቆይ፣ ፍርሃቱ ይቅር

ርዕሰ ዐውደ ዓመት፣ በሕዝባችን አጠራር ቅዱስ ዮሐንስ፣ የዓመቱ በር ነው። ባለጸጋውም ድሀውም፣ ከተሜውም ባላገሩም እንደየአቅሙ ቤቱን ቀጤማ ጎዝጉዞ፣ ቡናውን አፍልቶ፣ ከተቻለውም አንድ ዶሮ ገዝቶ ይቀበለዋል። ዶሮ በበዓላችን ማዕድ ላይ ያላት ስፍራ ለማንም የተሰወረ አይደለም። አሥራ ሁለት ብልት ሆና ተገንጥላ፣ በሎሚና በጨው ታጥባ፣ ከእንቁላል ጋር በመሶቡ ላይ ስትቀርብ፣ በጾም የሰነበተ ቤተሰብ በአንድ ገበታ ዙሪያ ይሰበሰባል።

በዚህ ሰሞን በዶሮ ተራ ብቅ ያለ ሰው ከዋጋው ክርክር ቀጥሎ ደጋግሞ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ እርሱም ስለ ቀለም ነው። አንዱ ቀይ አውራ ዶሮ ይፈልጋል። ሌላው ገብስማ ካልሆነ አልገዛም ብሎ ከቅርጫት ቅርጫት ሲዞር ይውላል። አንዷ እናት ደግሞ አንዲት ነጠብጣብ የሌለባት ነጭ ቄብ ፍለጋ ሦስት ገበያ ታዳርሳለች። ከእነዚህ መካከል ለዓይኑ ደስ ያለውን የሚመርጥ አለ፤ በአባቱ ቤት ሲደረግ ያየውን የሚከተል አለ። «ይህን ቀለም ካላረድህ ዓመቱ አይቀናህም» ተብሎ ታዝዞ የመጣም አለ። ሻጩ ሦስቱንም አይለይም፤ የሚለየው የፈላጊውን ጭንቀት ነውና ዋጋውን በጭንቀቱ ልክ ያንረዋል።

በዚህ ጉዳይ ላይ በምእመናን ዘንድ ሁለት አስተያየቶች ሲንጸባረቁ እንሰማለን። አንደኛው ወገን የዶሮን ቀለም መለየት ራሱ የባዕድ አምልኮ ርዝራዥ ስለሆነ ክርስቲያን ስሙን እንኳ ሊያነሣው አይገባም ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ነገሩ ከአባቶች የወረስነው ባህል ስለሆነ ምንም ነቀፋ የለበትም፣ የታዘዘውን ቀለም ማረድም ማንንም አይጎዳም ይላል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት ግን ሁለቱም ወገኖች አንድ ነገር አቀላቅለዋል የሚል ነው። የላባን ቀለምና ዥጉርጉርነት ለይቶ በስም መጥራት ዕውቀት ነው። ለቀለሙ ኃይል ሰጥቶ እርሱን መፍራት ግን ስሕተት ነው። ዕውቀቱን ከፍርሃቱ ጋር አብረን ከጣልነው ርስታችንን አባከንን፤ ፍርሃቱን ከዕውቀቱ ጋር አብረን ካቆየነው ደግሞ እምነታችንን ነካን።

ስሞቹ የተሸከሙት ዕውቀት

ስም ማውጣት የሰው ልጅ የመጀመሪያ ሥራው ነው። እግዚአብሔር የምድር አራዊትንና የሰማይ ወፎችን ወደ አዳም እንዳመጣና አዳምም ለሁሉ ስም እንዳወጣላቸው በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ተጽፏል። የሀገራችን ገበሬም ከአዳም የወረሰውን ይህን ሥልጣን በበሬው፣ በፈረሱና በዶሮው ላይ በሚገባ ሠርቶበታል። በሬውን ቡሬ፣ ቦራ፣ ዳልቻ፣ ፈረሱን ዳማ፣ አምባላይ እያለ እንደሚለየው ሁሉ፣ ዶሮውንም በላባዋ ይለያል።

የአጠራሩን ጥበብ ለመረዳት «ማ» የምትለውን የቃል መጨረሻ ማስተዋል ይበቃል። ገብስማ ማለት ገብስ የመሰለ ማለት ነው። ነጭ፣ ጥቁርና ግራጫ በአንድ ላይ ደቅቀው፣ ከሩቅ ሲያዩአቸው አንድ መልክ፣ ቀርበው ሲያዩአቸው ግን እንደ ገብስ ክምር የተቀላቀሉ ሆነው የሚታዩበት ላባ ነው። ሽበት ጣል ጣል ያደረገበትን ሰው ጠጉር ገብስማ የምንለው ከዚሁ ተነሥተን ነው። ዥግራማ የምትባለው ደግሞ ዥግራ የተባለችውን የዱር ወፍ የምትመስል፣ በጥቁር ላባ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ የተበተነባት ናት። ቆቅማዋ እንደ ቆቅ ናት፤ ቡናማ መደብ ላይ ነጣ ያሉ ወይም ግራጫ የሆኑ ቀጫጭን ሰረዞች ተሥለውባት በደረቅ ሣር ውስጥ ብትተኛ ለዓይን አትለይም። ነጭና ቀይ የተቀላቀለባት ወሰራ ትባላለች፤ ነቁጥ ነቁጥ ያለባት ተተርማ፣ ደረቷ ላይ የወርቅ መልክ ያለባት ልበ ወርቅ። እነዚህ ስሞች እንደየአካባቢው ጥቂት ይለያያሉ፤ በአንዱ አውራጃ ወሰራ የተባለችው በሌላው ሌላ ስም ይኖራታል። ሁሉም ግን አንድ ሥርዓት አላቸው፤ የማይታወቀውን በሚታወቀው፣ የጓሮውን በእርሻውና በዱሩ እየመሰሉ ያስረዳሉ።

መጽሐፍ ቅዱስም ለዚህ ዓይነቱ ዕውቀት እንግዳ አይደለም። ያዕቆብ ከላባ ጋር ስለ ደመወዙ ሲዋዋል ውሉ የተመሠረተው በመንጋው መልክ ላይ ነበር። ዝንጉርጉሩ፣ ነቁጣ ያለበቱና ጥቁሩ ለያዕቆብ፣ የቀረው ለላባ እንዲሆን ተስማሙ (ዘፍ. 30፥31–43)። መልክ ለይቶ የማያውቅ እረኛ እንዲህ ያለ ውል ሊዋዋል ባልቻለም ነበር። ይሁንና ያዕቆብ በኋላ ስለ ሀብቱ ሲናገር በረከቱን ለዝንጉርጉርነቱ አልሰጠውም፤ መንጋውን የሰጠው እግዚአብሔር መሆኑን ለሚስቶቹ መሰከረላቸው (ዘፍ. 31፥9)። መልኩን ለየ፣ ምስጋናውን ግን ለፈጣሪ አቀረበ። በዚህ ጽሑፍ ልንከተለው የምንወድደው መንገድ ይኸው የያዕቆብ መንገድ ነው።

ላባ መልኩን ከየት ያገኛል?

ዶሮ በሀገራችን የቆየች እንስሳ ናት። በትግራይ መዝበር በተባለ ጥንታዊ የሰፈራ ቦታ በቁፋሮ የተገኘ የዶሮ አጥንት ዕድሜው ተመርምሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ820 እስከ 595 ባለው ዘመን ውስጥ እንደሆነ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አስታውቋል። ከእስያ የዱር ዶሮ ተወልዳ በንግድ መንገድ ወደ እኛ የደረሰችው ይህች እንስሳ፣ በደጋውና በቆላው ስትራባ ብዙ መልክ አውጥታለች። ቆቅማዋ ዶሮ ከሁሉ ይልቅ የዱር እናቷን ትመስላለች። ይህም መልክ እንቁላል ታቅፋ መሬት ላይ የምትቀመጥን ወፍ ከአዳኝ ዓይን ይሰውራታል። ነጯ ግን ለጭልፊት ከሩቅ ትታያለችና ዶሮ ለቀው የሚያረቡ ሰዎች ስለ እርሷ ይሠጋሉ።

የላባን መልክ የሚሰጡት በዋነኛነት ሁለት ቀለሞች ናቸው፤ አንደኛው የጥቁር፣ ሁለተኛው የቀይና የቡናማ ነው። የሁለቱ መጠንና አቀማመጥ መለያየት፣ ወይም የአንዱ ወይም የሁለቱ መታገድ የተለያየ መልክ ያወጣል። በጥቁር አውራ ዶሮ ጅራት ላይ በፀሐይ ጊዜ የሚያብረቀርቀው አረንጓዴ መሳይ ውበት ራሱን የቻለ ቀለም አይደለም፤ በላባው አሠራር ምክንያት ብርሃን ሲያርፍበት የሚታይ ነው። በአንድ ላባ ላይ ነጭና ጥቁር እንደ መቀነት ተራ በተራ ሲያልፉ ያያችሁት ሽመልመሌ መልክም፣ ላባው ሲያድግ የጥቁሩ ቀለም በየጊዜው እየተቋረጠና እንደገና እየቀጠለ በመውጣቱ የሚገኝ ነው።

ይህ መልክ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው በሥርዓት ነው። ዊሊያም ቤትሰን የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በ1902 እ.ኤ.አ. ግሬጎር ሜንዴል የተባለው መነኩሴ በአተር ላይ ያገኘው የዘር ሕግ በእንስሳም ላይ እንደሚሠራ ያሳየው በዶሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተገኘው ዕውቀት ብዙ ነው። ሁለት ባለ ቀለም ዶሮዎች ነጭ ጫጩት ሊፈለፍሉ ይችላሉ፤ ሁለቱም የነጭነትን ዘር ሳይታይባቸው ተሸክመውት ከነበረ ከልጆቻቸው አንዱ ነጭ ሆኖ ይወጣል። አንዳሉሲያ በሚባለው ዝርያ ደግሞ ሁለት ግራጫ ዶሮዎች ቢራቡ ከአራት ጫጩት በአማካይ ሁለቱ ግራጫ፣ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ነጣ ያለ ዥጉርጉር ይሆናል። ከጓሮ ዶሯችን ሥር ያልጠበቅነው መልክ ሲፈለፈል «ምልክት ነው»፣ «የጎረቤት ዓይን ነው» እያልን ስንታወክ፣ ነገሩ የአያቲቱ ወይም የቅድመ አያቲቱ መልክ ተመልሶ መምጣቱ ብቻ ነው።

አርቢዎችም ይህን ሥርዓት ለጥቅም አውለውታል። ሽመልመሌ ያልሆነ አውራ ዶሮ ከሽመልመሌ እናት ጋር ሲራባ የእናቲቱ ሽመልመሌነት የሚተላለፈው ለወንድ ልጆቿ ብቻ ነው። ከሁለቱ ጥቁር መደብ ያላቸው ጫጩቶች ቢወለዱ፣ ወንዶቹ በተፈለፈሉበት ቀን በራሳቸው ላይ ነጭ ነጥብ ይዘው ይታያሉ፤ ሴቶቹ ግን ይህ ነጥብ የላቸውም። ቀይ እንቁላል ጣይ ዶሮዎችን በሚያራቡ ጣቢያዎችም በአንድ ቀን ጫጩት ላይ ወንዱን ከሴቲቱ በለሆሳስ ቀለሟ የሚለዩባቸው መንገዶች አሉ። እንግዲህ መልክ መለየት እንጀራ የሚገኝበት ሙያ ነው። ይህን ያህል ጥበብ ያለበትን ነገር ለጠንቋይ ቤት ብቻ አሳልፈን መስጠት አይገባንም።

ቤተ ክርስቲያን ስለ ዶሮ ምን ትጠይቃለች?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ቤተ ክርስቲያናችን ስለ በዓል ዶሮ የምትጠይቀው ጥያቄ አለ፤ ጥያቄውም መቼ፣ እንዴትና ለማን የሚል ነው።

መቼ የሚለው የጾም ሥርዓት ነው። ርዕሰ ዐውደ ዓመት በረቡዕ ወይም በዓርብ ቀን ቢውል ጾሙ አይሻርም፤ ዶሮው ለማግሥቱ ይቆያል። እንዴት የሚለው የአስተራረድ ሥርዓት ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15 ሐዋርያት ለአሕዛብ ምእመናን ከደምና ከታነቀ እንዲርቁ ጽፈዋልና ክርስቲያን በስመ ሥላሴ ብሎ ባርኮ ያርዳል፣ ደሙንም አይበላም። ለማን የሚለው ደግሞ ከሁሉ የከበደው ነው። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለአጋንንት ከሚሠዋው ማዕድና ከጌታ ማዕድ በአንድነት መካፈል እንደማይቻል ለቆሮንቶስ ሰዎች አስተምሯል (1ቆሮ. 10፥20–21)። በሦስቱ ጥያቄዎች ውስጥ ቀይ ነው? ጥቁር ነው? ገብስማ ነው? የሚል አራተኛ ጥያቄ የለም። ቤተ ክርስቲያን ያልጠየቀችውን ሌላ ሰው ሲጠይቀን፣ በማን ስም እንደሚጠይቀን መመርመር ይገባናል።

የጠያቂው ማንነት አይሰወርም። በጳጉሜን ቀኖችና በመስከረም መባቻ አዋቂ ነን በሚሉ ሰዎች ደጅ ሰልፉ ይበዛል። ለአንዱ ቀይ፣ ለሌላው ጥቁር፣ ለሦስተኛው ወሰራ ይታዘዝለታል። ለዛሩ መገበሪያ፣ ለውቃቤው መማለጃ ይባላል። በደጃፍ ላይ ደሙ እንዲፈስ ይታዘዛል፤ አንዳንዴም ዶሮው በታማሚው ራስ ላይ ዞሮ ጭዳ ተብሎ ወደ መስቀለኛ መንገድ ይጣላል። የሚያሳዝነው ደግሞ፣ ይህን ከሚያዙት መካከል የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ቀማምሰው፣ ዳዊት ደግመው፣ ጥምጥም ጠምጥመው የሚገኙ መኖራቸው ነው። ሕዝቡ ጥምጥሙን አይቶ ትእዛዙ ከመቅደስ የወጣ ይመስለዋል። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 18 ምዋርትን፣ አስማትንና መናፍስት ጠሪነትን በእግዚአብሔር ፊት የተጠላ ነገር ብሎ እንደቆጠረ እነዚህ ሰዎች ከማንም ይልቅ ያውቃሉ።

ቀይዋ ጊደርስ?

በዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚቀርብ አንድ መከራከሪያ ስላለ ሳይመለስ ሊታለፍ አይገባም። «እግዚአብሔር ራሱ በኦሪት ቀይ ጊደር እንድትሠዋ አላዘዘምን? ለምጽ የነጻለት ሰውስ ሁለት ወፎች አቅርቦ አንዲቱ ታርዳ ሌላይቱ በሜዳ ትለቀቅ የለምን? ታዲያ ቀለም መምረጡና ወፍ መልቀቁ ከየት የመጣ ነው?» ይላሉ። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 19 ነውር የሌለባት ቀይ ጊደር፣ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 14 ሁለቱ ወፎች በእውነት ተጽፈዋልና።

መልሱ ግን ግልጽ ነው። አንደኛ፣ ያ መሥዋዕት የቀረበው ለእግዚአብሔር፣ በካህን እጅ፣ በተወሰነ ሥርዓት ነበር፤ ለዛር ወይም ለውቃቤ አልነበረም። ሁለተኛ፣ ሥርዓቱ ጥላ ነበርና አካሉ ሲመጣ ተፈጽሟል። ወደ ዕብራውያን የተጻፈው መልእክት በምዕራፍ 9 የጊደሪቱን አመድ ጠርቶ፣ እርሱ ሥጋን ብቻ የሚያነጻ ከሆነ የክርስቶስ ደም እንዴት አብልጦ ሕሊናን ያነጻል ብሎ ያመዛዝናል። መድኃኒታችን ራሱን አንድ ጊዜ ስለ ሁላችን ከሠዋ በኋላ ለቤታችን ደኅንነት የዶሮ ደም በደጃፍ ማፍሰስ፣ የዶሮው ቀለም ምንም ይሁን ምን፣ ያ መሥዋዕት አልበቃም እንደማለት ይቆጠራል። በቅዳሴ ላይ ቆመን ሥጋውንና ደሙን እንደ ተቀበልን ሳናስብ፣ በቤታችን ደጃፍ ሌላ ደም የምንፈልግ ከሆነ ነገሩ ከባህል ያለፈ ነው። ሦስተኛ፣ የኦሪቷ ወፍ ቀለሟ አልተወሰነም፤ ንጹሕ ወፍ መሆኗ ብቻ ተነገረ። ስለዚህ በኦሪቱም ቢሆን ገብስማን ከወሰራ የሚያበላልጥ ቃል አይገኝም።

የፍርሃት ዋጋ

ሁለተኛው ወገን «ማንንም አይጎዳም» ይላል ብለናል። ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ ጽሑፉ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር። ጉዳቱ ግን በየቤቱ ይታያል።

በመጀመሪያ በድሀው ላይ ይከብዳል። የዶሮ ዋጋ እንኳን ተመርጦ ሳይመረጥም ከብዙ ቤተሰብ አቅም በላይ በሆነበት ጊዜ፣ የታዘዘው ቀለም እስኪገኝ ገበያ ለገበያ መንከራተትና ተበድሮ መግዛት ለልጆች ደብተርና ጫማ የታሰበውን ገንዘብ ይበላል። የትምህርት ዘመን የሚከፈተው በዚሁ በመስከረም መሆኑን አንዘንጋ። ሁለተኛ፣ የቤተሰብን ፍቅር ያደፈርሳል። ባል ያልታዘዘውን ቀለም ገዝቶ ሲገባ ሚስት ታዝናለች፤ ወይም ሚስት የባሏን ትእዛዝ ሳትፈጽም ብትቀር፣ በዓመቱ ውስጥ ለሚደርሰው ሕመምና ኪሳራ ሁሉ ተወቃሿ እርሷ ትሆናለች። የታመመ ልጅ ሐኪም ቤትና ጠበል ሊወሰድ ሲገባው፣ «ዶሮው ጥቁር ስላልነበረ ነው» እየተባለ ቀን ይቆጠርበታል። ከዚህ የበለጠ ጉዳት የለም።

ሦስተኛ፣ ዶሮዎቹን ራሳቸውን ይጎዳል። በብዙ ገበያ ጥቁር ዶሮ ገፋ ተደርጋ ዋጋዋ ይወርዳል። አርቢውም የማይሸጥለትን አያረባምና መልኩ ከዘር ላይ እየጠፋ ይሄዳል። ከመልኩ ጋር አብሮት የነበረው ጠባይ፣ በሽታን መቋቋሙ ወይም ታቅፎ መፈልፈሉ፣ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ከውጭ የመጡት ዝርያዎችም በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ነጩ ሌግሆርንና ቀዩ ሮድ አይላንድ በጅማና በዓለማያ የእርሻ ትምህርት ቤቶች ከገቡበት ጊዜ ጀምሮ፣ እስከ ቅርብ ዘመኖቹ ቦቫንስ፣ ሳሶና ሽመልመሌው ኮኮክ ድረስ በእንቁላልና በሥጋ ብዙ ጠቅመውናል፤ ምስጋና እንጂ ነቀፋ የሚገባቸው አይደሉም። ይሁንና በአንድ መልክ የተወለዱ ናቸውና በየጓሮው እነርሱ ብቻ ሲቀሩ ቆቅማ፣ ዥግራማ፣ ልበ ወርቅ የሚሉት ስሞች ባለቤት ያጣሉ። በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማእከል ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሆሮን የሀገር ዶሮ በምርጫ ለማሻሻል የተደረገው ሥራ የሀገሩ ዘር በራሱ ሊሻሻል እንደሚችል የሚያሳይ ነውና የሚበረታታ ነው።

ስሙም አብሮ እየጠፋ መሆኑን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በሰንበት ትምህርት ቤት ለሚማሩ የከተማ ልጆች የያዕቆብን በጎች ታሪክ ስናስተምር ዝንጉርጉር፣ ነቁጣ፣ ሽመልመሌ የሚሉትን ቃላት የሚያውቅ ልጅ እምብዛም አናገኝም። የተለያየ መልክ ያላቸው ዶሮዎች በሥዕል ቢታዩአቸው፣ ከነጭ፣ ከጥቁርና ከቀይ በቀር ያለውን ሁሉ «የተቀላቀለ» ብለው ያልፉታል። እነዚህ ልጆች ገብስማ የሚለውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰሙት ከአዋቂ ቤት ትእዛዝ ከሆነ፣ ቃሉ በጆሯቸው ላይ ለዘለዓለም የጥንቆላ ቃል ሆኖ ይቀራል። የገበሬው ቃል ከጠንቋዩ የሚድነው ልጆች ቀድመው ከወላጆቻቸው አፍ ሲሰሙት ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ የቀለም ምርጫችንን በአንድ ጥያቄ እንፈትነው፤ «ይህ ቀለም ባይገኝ በዓሌ ይጎድላልን?» የሚል ነው። ቀዩን ዶሮ የፈለገ ሰው ቀይ ባይገኝ ነጩን ገዝቶ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ የሚመለስ ከሆነ ምርጫው የዓይን ምርጫ ነው፤ የሚነቅፈው የለም። እግዚአብሔር ወፎችን በየወገናቸው በአምስተኛው ቀን ሲፈጥር መልካም እንደሆነ አይቷል፤ በመልካሙ መደሰት ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን ቀለሙ ሲታጣ ልቡ የሚደነግጥ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ያ ሰው ዶሮ ሊገዛ አልመጣም፤ ፍርሃቱን ሊገብር መጥቷል። ፍጹም ፍቅር ፍርሃትን አውጥቶ እንደሚጥል ሐዋርያው ዮሐንስ አስተምሯልና (1ዮሐ. 4፥18) መድኃኒቱ የንስሐ አባትን ቀርቦ ማነጋገር ነው። ለዘመናት በቤቱ ሲደረግ የኖረውን ነገር በአንድ ቀን ለመተው የሚቸገሩ አረጋውያን ወላጆች ቢኖሩም በዘለፋ ሳይሆን በትዕግሥት እናስረዳቸው። እማማ ወይም አባባ የፈሩት ለራሳቸው አይደለም፤ ለልጆቻቸው ነው። ፍቅራቸውን አክብረን ፍርሃታቸውን እናቅልልላቸው።

ሁለተኛ፣ ዶሮ ስንገዛ መመርመር የሚገባንን እንመርምር። ዓይኗ የጠራ፣ አናቷ ላይ ያለው ሥጋ ቀላ ያለ፣ አፍንጫዋና አፏ ከዝልግልግ ነገር የነጻ፣ ክንፏ ያልወደቀ፣ ከኋላዋ ያለው ላባ በኩስ ያልተጨማለቀ፣ ሲያነሧት ደረቷ ሥጋ የያዘ መሆኑን እንይ። ጤነኛ ዶሮ በማንኛውም መልክ ጤነኛ ናት፤ የታመመችም በታዘዘው ቀለም አትድንም። የወጡም ጣዕም በዶሮዋ ዕድሜ፣ በመኖዋና በባለሙያዋ እጅ እንጂ በላባዋ መልክ አይወሰንም። ላባው በፈላ ውኃ ተነጭቶ ከተጣለ በኋላ ቀይዋን ከገብስማዋ የሚለይ እናት በድስቱ ውስጥ አትገኝም።

ሦስተኛ፣ በጓሯችን የምናረባ ሰዎች መልክ የመለየትን ዕውቀት ለልጆቻችን እናውርሳቸው። ጫጩት በተፈለፈለችበት ለስላሳ ጠጉር መልኳን መወሰን እንደማይገባ፣ ሙሉ ላባዋን እስክታበቅል መጠበቅ እንደሚያስፈልግ እናስተምራቸው። መጀመሪያ መደቡን፣ ቀጥሎ በመደቡ ላይ ያለው ነጥብ ነው ወይስ ሰረዝ የሚለውን፣ ከዚያም አንገቷን፣ ደረቷንና ጅራቷን ለየብቻ እንዲያዩ እናሳያቸው። ወንዱ ዶሮ የአንገቱና የወገቡ ላባ ረጅም፣ ሹልና አብረቅራቂ እንደሚሆን፣ የሴቲቱ ግን ክብ እንደሚሆን በእጃቸው ይዘው ያስተውሉ። የየአካባቢያቸውን ስም ከአያቶቻቸው ጠይቀው በደብተራቸው ይጻፉ። በሀያ አንድ ቀን ከእንቁላል ሕይወት ሲወጣ ያየ፣ ከአንዲት እናት ሥር ስድስት መልክ ሲፈለፈል የቆጠረ ልጅ የፈጣሪን ጥበብ ከብዙ ስብከት ይልቅ በዚያ ይረዳል።

አራተኛ፣ እኛ የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች በጳጉሜንና በመስከረም ዐውደ ምሕረት ላይ ይህን በግልጽ እናስተምር። በጥምጥማችን ተሸፍኖ ቀለም የሚያዝዝ ሰው ሲገኝ «የእኛ ወገን ነው» ብለን ዝም አንበል። ሕዝቡ ሐሰተኛውን ከእውነተኛው የሚለየው እኛ ስንለየው ነው።

ጌታችን ስለ ኢየሩሳሌም ባለቀሰ ጊዜ ፍቅሩን ሊገልጥ የመረጠው ምሳሌ ጫጩቶቿን ከክንፎቿ በታች የምትሰበስብ ዶሮ ናት (ማቴ. 23፥37)። ያች ዶሮ መልኳ ምን እንደነበረ ወንጌሉ አልነገረንም። ከክንፎቿ በታች የሚሰበሰቡት ጫጩቶችም አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቆቅማ ሊሆኑ ይችላሉ፤ እናት ግን ክንፏን የምትዘረጋው ለሁሉም ነው። በዓሉ የሚጠራበት ቅዱስ ዮሐንስም የግመል ጠጉር ለብሶ፣ ጠፍር ታጥቆ በበረሃ የኖረ፣ በንጉሥ ፊትም እውነትን ለመናገር ያልፈራ ነቢይ ነው። በስሙ በምንጠራው ቀን ከላባ ፍርሃት ነጻ ሆነን፣ ባለን ዶሮም ሆነ ባለን ቆሎ ጎረቤታችንን ጠርተን ብንውል በዓሉ በእውነት የእርሱ ይሆናል።

መጪው ዘመን የሰላም፣ የፍቅርና የጥጋብ ዘመን እንዲሆንልን፣ የታመሙትን እንዲምርልን፣ የራቁትን በሰላም እንዲመልስልን የአባቶቻችን አምላክ ይርዳን። መልካም አዲስ ዓመት።